ሽማግሌ የተላከበት ሽልማት

የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሥራ አንድ የጥናት ጽሑፍ መርጦ ይሸልም ነበር። ሽልማቱ ገንዘብ የለውም። አሸናፊው ጽሑፍ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ፣ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ቁጥር ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ለጸሐፊው ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሰጠዋል። አብዛኛው ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያውቀው በአየር ማቀዝቀዣው ነበር። ጅቡቲ ውስጥ በግንቦት ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ተንተርሶ ለመተኛት ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት ለቅዝቃዜው ነው።

እኔ ግን ያንን ሽልማት የፈለግኩት ለመደርደሪያው አልነበረም። አባቴና ታላቅ ወንድሙ በጨርቅ ንግድ ሸሪክ ነበሩ። አጎቴ ድሬዳዋ ተቀምጦ ይሸጣል፤ አባቴ ጅቡቲ ተቀምጦ ዕቃውን ከወደብ እያስወጣ ይልካል። ሱቃችን ከምኒልክ አደባባይ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነበረች። ሁለቱም አራት ቋንቋ እያቀላጠፉ ይናገራሉ፤ ፈረንሳይኛ ማንበብ ግን አይችሉም። የወደቡ ወረቀት ደግሞ ሁሉም በፈረንሳይኛ ነው። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት የገባሁት ያንን ወረቀት እንዳነብላቸው ነው። አጎቴ ይህንን ሳይደብቅ ይናገረው ነበር። ሰው ጉድጓድ የሚቆፍረው ውሃ ሊጠጣ ነው ይላል፣ እኔ ፊት ተቀምጦ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ስደርስ አዲስ አበባ ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪ መማር ፈለግኩ። አጎቴ አይሆንም አለ። አባቴ እኔ እንድሄድ ይፈልግ ነበር፤ ግን ታላቅ ወንድሙን ፊት ለፊት አይሆንም ብሎት አያውቅም። ስለዚህ የነጋዴ መላ ዘየደ። በዒድ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ ተማርን የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ይህቺ ልጅ ከሌሎቹ ትበልጣለች ካሉ ትሂድ፤ ካላሉ ሱቅ ትቀመጥ አለ። መለኪያው የቤተ መጻሕፍቱ ሽልማት ሆነ፤ ስለ እሱ ለአባቴ የነገርኩት እኔው ነበርኩ፤ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አላወቅኩም ነበር እንጂ። አጎቴ ትንሽ አሰበና እጁን ዘረጋ፤ ተጨባበጡ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ማንም ምን ትያለሽ አላለኝም። ያም ሆኖ አልከፋኝም፤ እንደማሸንፍ እርግጠኛ ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ ሰው ስለ ብዙ ነገር እርግጠኛ ነው።

የጽሑፌ ርዕስ «ባቡሩ ሲዘገይ ከተማዋ ምን ትበላ ነበር» የሚል ነው። አሮጌው ባቡር ያኔ መሄድ ካቆመ ሰነባብቷል። ጣቢያው ተዘግቶ በረንዳው ላይ ፍየሎች ይተኙበት ነበር። አዲሱ ባቡር ገና ወሬ ነው፤ ጣቢያው የሚሠራበት ናጋድም ገና አቧራ ነበር። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ቲማቲሙም ድንቹም ብርቱካኑም ከድሬዳዋ ወገን በባቡር በሚመጣበት ዘመን፣ ሐዲዱ በጎርፍ ሲወሰድ ወይም ባቡሩ መንገድ ላይ ሲበላሽ ሰዉ እንዴት ይሰነብት እንደነበር ነው። መልሱ ውስጥ ብዙ ዓሣ ነበረበት። ባሕር ዳር እየኖሩ ዓሣ የማይነኩ የእኛ ሰዎች ባቡር ሲቀር ዓሣ ይገዙ ነበር፤ ግን ሽታውን ጎረቤት እንዳይሰማባቸው በር ዘግተው ነው የሚጠብሱት። እናቴ ይህንን ክፍል ሳነብላት እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም ብላ ተቆጣች። በዚያው አንደበቷ የዓሣው ቅመም ምን ምን እንደሆነ አስተካከለችልኝ።

ማስረጃውን ያገኘሁት ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለች ክፍል ነው፤ በሲባጎ የታሰሩ አሮጌ ጋዜጦች ተቆልለውባት ነበር። ማቀዝቀዣው እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ማንም አይገባባትም። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቁልፉን ሰጡኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ተወልደው፣ ፈረንሳይ አገር ተምረው፣ ተመልሰው እዚያው ካርቲዬ ሁለት የሚኖሩ። በዚያ ሙቀት የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ቆልፈው ይውላሉ። ረቂቄን ባሳየኋቸው ቁጥር ማስረጃ የጎደለው ዓረፍተ ነገር አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ያስቀምጣሉ፤ ሌላ ነገር አይሉም። አንድ ቀን ብቻ «የዓሣው ክፍል ጥሩ ነው» አሉኝ። በዚያች ቃል ስንት ቀን እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሽልማቱን የሚዳኙት እሳቸውና ሁለት መምህራን ነበሩ። ከመምህራኑ አንደኛው፣ በተማሪ ወሬ እንደሰማሁት፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ቲማቲም መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ሁለተኛው ነፋስ ወደነፈሰበት የሚያዘነብል ሰው ነው። እኔ ተስፋዬን የጣልኩት በኃላፊው ላይ ነበር።

ውጤቱ ሊነገር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ከሱቃችን ፊት አባቴ ታክሲ ጠርቶ ሦስት ሽማግሌዎች ሲሸኝ አየሁ። የእኛው ሰፈር የሐረርና የድሬዳዋ ሰዎች ናቸው፤ ሠርግም ጠብም ያለ እነሱ አይሆንም። ነጫጭ ለብሰዋል፣ ሽቶ ተቀብተዋል፣ ከዘራቸውን ይዘዋል። የማንን ልጅ ሊጠይቁ ነው ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። «የመልካም ነገር ነው» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች። እናቴ ማን ማንን እንደሚያገባ ተጋቢዎቹ ሳያውቁት የምትነግረኝ ሴት ናት፤ ያን ቀን ዝም ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

ውጤቱ በቤተ መጻሕፍቱ የመስታወት በር ላይ ተለጠፈ። የእኔ አልነበረም። ያሸነፈው ስለ ወደቡ የኮንቴይነር አያያዝ የጻፈ የክፍሌ ልጅ ነው። በኋላ አንብቤዋለሁ፤ ንጹሕ ሥራ ነው፣ እንቅልፍም ያመጣል። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ወደ ሱቅ ሄድኩ።

አባቴ ጣቃ ጨርቅ እየደረደረ ነበር። ነገርኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ፤ ነኝ አልኩት። የያዘውን ጣቃ አስቀምጦ፣ ሰውየው የሽማግሌ ፊት ረገጠ ማለት ነው አለ፤ ፊቱ ቀልቶ። የትኛው ሰውዬ፣ የትኞቹ ሽማግሌዎች ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። አጎቴ ነው። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ አነጋገረው። አልሆነም አለው፤ ትቀመጣለች አለው፤ ቃሌ ነው አለው። ስልኩን ሲዘጋ ዓይኔን አላየኝም። የሚያወርደው ጣቃ ባይኖርም መሰላሉ ላይ ወጣ።

በማግስቱ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። በፈረንሳይኛ ነበር የምንነጋገረው፤ ያን ቀን ግን ገና ከመጀመሪያው በሶማሊኛ ጀመሩ። ነገሩ ከባድ መሆኑ በዚያ ገባኝ። በሩን ዘግተው የሆነውን ሁሉ ነገሩኝ።

አባቴ ሽማግሌ የላከው እሳቸው ቤት ነበር። ሦስት ነጭ የለበሱ አረጋውያን ደጃፋቸው ላይ ከታክሲ ሲወርዱ፣ ባለቤታቸው ብቸኛ ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ መስሏቸው ደነገጡ። ልጅቱ ገና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ በጓሮ በር ጎረቤት ተላከች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቀረበላቸው፣ አንዳቸውም አልነኩትም። በእኛ አገር ለጉዳይ የመጣ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ የቤቱን ውሃ አይቀምስም። በእሳቸውም ወገን ልማዱ ያው ነው። ውጪው ይነዳል፣ ብርጭቆው ያልበዋል፣ ሰዎቹ ዝም ብለው ያዩታል። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ የኃላፊውን አባት አመሰገኑ፣ ቤቱን አመሰገኑ፣ እውቀትን አመሰገኑ። ኃላፊው ይህን ሁሉ ጊዜ የልጃቸውን ስም እየጠበቁ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌው፣ ልጃችን በእርስዎ እጅ ናት፣ ለሽልማቱ ነገር አደራዎን አሉ።

«የእኔ ልጅ አለመሆኗን ስሰማ ደስ ብሎኝ ቶሎ እሺ አልኩ» አሉኝ ኃላፊው። «የሚገባት ነገር በእኔ በኩል አይቀርባትም አልኳቸው። ጠጡ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ። የገባኝ ጠዋት ነው።»

ጠዋት የገባቸው ነገር ይህ ነው፤ ሽማግሌ የተላከበት ሰው ዳኛ መሆን አይችልም። ያንኑ ቀን ለዩኒቨርሲቲው አሳውቀው ከዳኝነት ወጡ። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ ቢናገሩ ጽሑፌ ከውድድር ይሰረዝ ነበር። ሁለቱ መምህራን ብቻቸውን ቀሩ። አንደኛው ቲማቲም አይወድም፤ ሁለተኛው የሚከተለው ሌላ ሰው አልነበረውም።

እሳቸው ቢቀመጡ ኖሮስ ብዬ ጠየቅኳቸው። የእኔ ጽሑፍ አንደኛ እንደነበረ ነገሩኝ፤ የመጽሐፍ ቁጥር እንደሚነግሩኝ ሁሉ ድምፃቸው ሳይለወጥ። ለምን ያኔውኑ እምቢ እንዳላሏቸው ስጠይቅ ግን ተገርመው አዩኝ።

«ከእኛ ቤት ደጅ ሽማግሌ ውሃ ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም» አሉ።

ተናደድኩ። በእሳቸው አልነበረም፤ በአባቴ ነው። ለእኔ ብሎ ባደረገው ነገር ያለኝን አንድ ሰው አሳጣኝ። በዚያው መጠን ደግሞ ሳቄ እየመጣ አስቸገረኝ፤ ልጅቱን በጓሮ በር ሲያስወጧት እየታየኝ። ኃላፊው ሁለቱም እስኪያልፉልኝ ጠበቁ። ከዚያ ሽልማቱን ይህን ያህል ለምን እንደፈለግኩት ጠየቁኝ። ስለ ሱቁ፣ ስለ አጎቴና ስለ አዲስ አበባ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ለሽማግሌዎቹ የሚገባት አይቀርባትም ብያለሁ፣ ቀርቶብሻል፣ ስለዚህ ነገሩ በመጣበት መንገድ መመለስ አለበት አሉ። ለአባቴ እንድነግረው አዘዙኝ፤ ዓርብ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ እሳቸውም ሽማግሌ ይልካሉ።

የአባቴ ሽማግሌዎች ድንገት ነበር የደረሱት፤ ወጉ ግን የቤቱ ሰው እንዲዘጋጅ አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። አባቴ ምን ብሎ እንደሚዘጋጅ ሁለታችንም አላሰብንም።

ምሳ ላይ ነገርኩት። መጀመሪያ ሽልማቱ ለምን እንደቀረ፣ ቀጥሎ ስለ ዓርብ። እጁ ሩዙ ላይ ቆመ። ሰውየው ራሱ ነው የወጣው፣ ማንም ሳያስወጣው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ራሳቸው ናቸው አልኩት። «የጨዋ ልጅ ነው» አለና ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ እጁን ታጠበ። እኔ የመጣሁት ልወቅሰው ነበር፤ ጀርባውን ሳይ አልቻልኩም።

እስከ ዓርብ ድረስ ስለ ነገሩ አላወራም። ግን የገባበት ቅርቃር ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ለወንድሙ ትቀመጣለች ብሎ ቃል ሰጥቷል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ልቀቃት ሊሉት ነው የሚመጡት፤ ፊት ለፊት ሽማግሌ መመለስ እሱ የሚችለው ነገር አይደለም። በአስተዳደጉ ለእንዲህ ያለ ችግር አንድ መውጫ አለ፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያወራውም። እሱም ቤት አለመገኘት ነው። ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ እናቴን ድሬዳዋ ሄዷል በያቸው አላትና ጫቱን ይዞ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። መጋረጃውን ጎተተ።

እናቴ ሻሿን ከመስቀያው አወረደች። «እኔ ዓርብ ቀን አልዋሽም» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለመጋረጃው አልታወቀኝም። ጎረቤት ሄደች። በሩን የምከፍት እኔ ቀረሁ።

ከአስር ሶላት በኋላ ተንኳኳ። መጋረጃው ጀርባ ሬዲዮው ጠፋ። ከፈትኩ፤ ሦስት ናቸው። ከፊት የቆሙት ጢማቸውን ሂና የተቀቡ በጣም ትልቅ ሰው ነበሩ። የሞቀው ነፋስ የኩታቸውን ጫፍ እያነሳ ይጥለዋል። ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ። ከዚያ በሶማሊኛ «አባትሽ አለ?» አሉኝ።

የለም ብል ነገሩ ሁሉ ባማረ ሁኔታ ያበቃል። አባቴ ለወንድሙ የሰጠውን ቃል ይጠብቃል፤ ሽማግሌም አልመለሰም። ኃላፊው ሽማግሌ ልከዋል፤ የሚገባቸውን አድርገዋል። ሽማግሌዎቹ ሰው አጥተው ተመለሱ እንጂ አልተዋረዱም። ማንም ማንንም አልበደለም። እኔ ብቻ ሱቅ እቀመጣለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ በዒዱም፣ በታክሲውም፣ በስልኩም፣ ስለ እኔ ሲወራ ማንም አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ለእኔ የቀረበልኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር።

«አለ» አልኩ። «ግቡ።»

መጋረጃው ወዲያው አልተከፈተም። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ ምንጣፉ ላይ ተደላድለው እስኪቀመጡ ድረስ ቆየ። ከዚያ አባቴ አፉን ተጉመጥምጦ፣ ሽርጡን አስተካክሎ ወጣ። ከድሬዳዋ ስለመምጣትም ስለመሄድም ማንም አላነሳም። እኔን አላየኝም። እጃቸውን ስሞ ከፊታቸው ተቀመጠ።

ባለ ሂናው ሽማግሌ ብዙ አላስረዘሙም። ልጃችን ለሽማግሌዎችህ ቃል ሰጥቶ መፈጸም አቅቶታል፣ በዚህም አንገቱን ደፍቷል፣ እፍረቱን የምታነሳለት አንተ ነህ፣ ልጅቱ ትማር አሉ። አባቴ የወንድሙን ነገር ማንሳት ይችል ነበር፤ አላነሳም። የወንድም ጉዳይ በባዕድ ፊት አይዘረጋም። መስኮቱን ነፋሱ ይገፋዋል። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«ተቀብያለሁ» አለ አባቴ በመጨረሻ። «ትሂድ።»

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ የማላውቃቸው ሰዎች ለእኔ ረጅም ዕድሜና የተባረከ ትዳር ለመኑ። ከዚያ ሄዱ። ደስ አለኝ። ደስታው ከፍርሃቱ በለጠ፤ መዝለል አማረኝ።

አባቴ በር ድረስ ሸኝቷቸው ሲመለስ ስልኩን አምጪ አለኝ። ውጪልኝ እስኪለኝ ጠበቅኩ፤ አላለኝም። ድሬዳዋ ደወለ። አጎቴ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ሰላምታው እኔም ጋ ይሰማ ነበር። አባቴ ሽማግሌ መጥቶብኝ ነው ቢለው አጎቴ ይቆጣ እንጂ ይገባው ነበር፤ እሱም በዚያው ወግ ያደገ ሰው ነው። ይህን ሳስብ፣ አሁን ይለዋል እያልኩ ቆሜ ጠበቅኩ።

ልጅቱ ትሄዳለች አለው። ቀጥሎ አጎቴ አንድ ነገር ጠየቀ። ማንም አላስገደደኝም አለ አባቴ። አጎቴ እንደገና ተናገረ፤ ድምፁ አሁን ዝቅ ብሏልና ቃሉን አልሰማሁትም።

«አዎ» አለ አባቴ። «ቃሌን በልቻለሁ።»

ሁለቱ ወንድማማቾች ንግዱን የተካፈሉት በዚያው ዓመት ነው። እኔ አዲስ አበባ እያለሁ የወደቡን ወረቀት ለአባቴ ሌላ ሰው ያነብለት ነበር። ያን ዓርብ ግን ይህን ገና አላወቅንም። የማውቀው ስልኩ ከወዲያ መዘጋቱን ነው፤ ድምፁን እኔም ሰምቻለሁ። አባቴ ግን ከጆሮው አላወረደውም። ጀርባው ወደ እኔ ነበር። ለተዘጋው ስልክ «ልጄ ናት» አለ።